ለእንግዳዬ የመረጥኩት ጃምቦ

ሰኞ

ሦስተኛው ቤትም አልሆነም። ጃምቦው ግማሹ አረፋ ነው። አስተናጋጇን «ሞላ አድርጊው እንጂ» ብላት «ጣዕሙ እኮ አረፋው ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ጋሼ! ገና አርባ ሳይሞላኝ። ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ተማሪ ይጮህበታል፤ ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል። ከሰው ጋር የማይወራበት ቢራ ምን ያደርጋል? ተሰርዟል።

ደሳለኝ ሐሙስ ይመጣል። ከሐዋሳ፣ ለአጭር ስልጠና፣ እኔ በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ወደምሠራበት ዩኒቨርሲቲ። እዚሁ ስንማር አንድ ዶርም፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ ነበረን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ከተመረቅን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ያኔ ለእኛ ዓይነቱ ኪስ የነበረው ምርጫ ጠላ ወይም ጠላ ነው። አሁን ድራፍቱም፣ ጥቁሩም፣ ስሙን የማላውቀው ጠርሙስም ሞልቷል። ደብረ ማርቆስ ማደጓን በምላሱ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቀድሜ እየቀመስኩ ነው።

ባለቤቴ ዓለሚቱ «ለእንግዳ ቤት ይጠረጋል እንጂ ቢራ ይቀመሳል እንዴ?» ትላለች። ቤቱን እሷ ጠርጋዋለች።

ማክሰኞ

ድል! ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ ድራፍት ቤት አገኘሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ጥርስ አያሳምምም። በረንዳው ፀሐይ ያገኛል፤ በዚህ ብርድ ትልቅ ነገር ነው። ጥብሱም እዚያው ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ።

ጥቁሩንም ቢራ ሞከርኩት። መራራ ነው፤ ጌሾ እንደበዛበት ጠላ። እኔ አልወደድኩትም፣ ደሳለኝ ግን መራራ ይወዳል። ይግባ።

ሲመሽ እማማ ጥሩዬ ጠላ ቤት ጎራ አልኩ። ተማሪ ሆነን የከረምንበት ቤት ነው። በሩ ላይ የተሰቀለችው ጣሳ ዝጋለች እንጂ አለች። እማማም አሉ፣ እግዜር ይመስገን።

«ያ ረጅሙ ጓደኛህ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ እንጂ፣ እማማ። ሐሙስ ይመጣል።»

«የራሱን ቀድሞ ይጨርስና ያንተን ያይ የነበረው?»

ተሳሳቅን። ጠላቸው ያው ነው፤ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል።

ከዚያ ለደሳለኝ ደወልኩለት። ተራውን ነገርኩት፦ መጀመሪያ ድራፍቱ ከጥብስ ጋር፣ ቀጥሎ ጥቁሩ፣ መዝጊያው እማማ ጥሩዬ። ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «እስቲ ልምጣና» አለኝ፤ ይኸው ነው። ኮራ እንዴ? እዚያ ሐዋሳ የክፍል ኃላፊ ሆኗል፤ ሰው ሲሾም እንዲህ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ

ዛሬ አልቀመስኩም። ሆዴም ዕረፍት ይገባዋል።

ዓለሚቱ ሽሮ እያቀረበች «የናፈቀህ ሰውየው ነው ወይስ ቢራው?» አለችኝ። ተናደድኩ። የተናደድኩት መልሱን ስላላወቅሁት ይመስለኛል።

እውነቱን ልጻፍ፤ ፈርቻለሁ። በስልክ ስናወራ ወሬያችን ሁሉ «ያን ቀን ሰክረን አጥር ስንዘል…» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔና ደሳለኝ አብረን ያለ መጠጥ የዋልንበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም። ጃምቦው ጥሩ ካልሆነ ምን እናወራለን? ስለ ደሞዝ? ስለ ኑሮ ውድነት?

ሐሙስ



መጣ። ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ተቃቅፈን ቀረን። «መንገዱ ነው ያከሳህ» አልኩት፤ ሳቀ። ሻንጣውን የሠልጣኞች ማረፊያ አስቀምጠን ቀጥታ ወደ መረጥኩት ቤት። በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ። ጥብሱ መጣ። ሁለት ጃምቦ መጣ፣ አረፋው በልኩ። በልቤ እንኳን ለፋሁ አልኩ።

እሱ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ያያል፤ አይጠጣም። «ቅመሳት እንጂ» አልኩት። «ቆይ» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ለአንተ ስል የዞርኩት!» «ቆይ፣ ጌትነት።» መግደርደር መሰለኝ። እንግዳ ይግደረደራል፣ ባለቤት ያስገድዳል፤ ያደግንበት ነው።

«በሞቴ!» አልኩት። «በሞቴ፣ አንዴ ተጎንጭላት!»

ብርጭቆውን አነሳ። እስከ አፉ አደረሰው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መለሰው፤ በችኮላ ስለነበር ጥብሱ ላይ ፈሰሰ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አንተ በሞትህ ትለምነኛለህ» አለኝ። «እኔ የራሴን ሞት አይቼው ነው የመጣሁት።»

ጉበቱ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ ሐኪሙ አንዲት ብርጭቆ እንኳ እንዳትነካ ብሎታል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? እኔና አንተን ያወዳጀን ብርጭቆ ነው። እሱን ሳስቀምጥ አንተም አብረህ የምትቀር መሰለኝ።»

የፈሰሰውን ቢራ መጥረግ ያዝኩ። ጅል! «አልቀርም» ማለት እንዴት ያቅታል? ደክሞኛል ብሎ በጊዜ ሄደ።

ዓርብ

ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋት ዝግ፣ ምሳ ላይ ዝግ፣ ከሥራ ስወጣ ዝግ። ማረፊያው ሄጄ ጥበቃውን ብጠይቅ «ከስልጠናው ተመልሶ ገብቷል፣ ግን ሰው አታስገባ ብሎኛል» አለኝ።

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ብርጭቆው ከንፈሩን ነክቶት ነበር ወይስ አልነካውም?

ለዓለሚቱ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ተነሥታ ከደብረ ኤልያስ ወንድሟ የላከላትን ማር አወረደች። «ነገ ከመጣ ብርዝ አዘጋጃለሁ» አለች። ከመጣ።

ቅዳሜ

መጣ! ሳይደውል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለልጆቻችን ሙዝ ይዞ።

«ስልኬን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም» አለኝ። «ያን ብርጭቆ ካየሁ በኋላ ማንም ና ቢለኝ እምቢ የምል አልመሰለኝም። ስለዚህ በሬን ቆልፌ ተኛሁ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። በደንብ ነው የጠየቅሁት፣ ቆሜ። «ተቀመጥ፣ ሽማግሌ አታስመስለኝ» አለ።

ዓለሚቱ ብርዙን ቀዳችልን። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ አወራን። የፈራሁት ይህንኑ ነበር። በመጨረሻ የረቡዕ ፍርሃቴን አውጥቼ ነገርኩት፤ ያለ መጠጥ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። «አባቴ ሲሞት መርዶዬን ማን ነገረኝ?»

እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ። ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሼው፣ ጉንደ ወይን ድረስ አብሬው ሄጄ፣ ፈተና አምልጦኝ።

«እስከ ሣልስቱ ድረስ መሬት ላይ አብረኸኝ ያደርከው ሰክረህ ነበር እንዴ?»

እንዴት ረሳሁት? ቅሌቱን ሁሉ አስታውሼ ይህን ረሳሁ። ዓለሚቱ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም። ከዚያ ወሬው እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። ስለ አባቱ፣ ስለ ልጁ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ስለፈራው ነገር። ሲመሽ እማማ ጥሩዬን በር ላይ ቆመን ሰላም አልናቸው። «ግቡ እንጂ!» ሲሉ እኔ ቀደም ብዬ «ዛሬ አይሆንም፣ እማማ» አልኩ። እሱ ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ።

እሑድ

በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስለ ከንፈሩ አልጠየቅሁትም። አልጠይቀውም።

ከሰዓት ደወለ፤ አዲስ አበባ ገብቷል። «የሚቀጥለው ተራ የአንተ ነው» አለኝ። «ሐዋሳ ና፤ ጁስ ቤቶቹን በየተራ ቀምሼ እጠብቅሃለሁ።» ከት ብዬ ሳቅሁ።

«ከዚያ በፊት አንተ ለገና እኛ ጋ…» አልኩና «በሞቴ» ልል አፌን ከፈትኩ። ያዝኩት። ምላሴ ላይ ቀረ።

«…ደስ ካለህ ና» አልኩት።

 እንደ ማክሰኞው «እስቲ» እንዳይለኝ ፈራሁ።

«እንዲያ ካልከኝማ እመጣለሁ» አለ።