ባሬላ ለተሸከመ ሰው ጃንጥላ ላደሉት ሥራ አስኪያጅ

እህቴ ድናለች! ትናንት በገዛ እግሯ ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤቷ ገብታለች፤ ጥላውም፣ እውነተኛው ጥላ፣ ሊቆምልን ነው!

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤ ደስታ ሲበዛ ሥርዓት ያስረሳል፣ ሰላምታው መቅደም ነበረበት። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲውስ ደህና ነው? እኛ ፀሐይዋ አናታችንን ብትበሳውም፣ እርስዎን ብርድ እንዳይመታዎ ስንጸልይ ከርመናል።

የምጽፍልዎ እርስዎ የሚያሠሩት ሕንፃ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ፤ ወሬዬ ስለማያልቅ ሠራተኛው «ሬዲዮ» ይለኛል፣ እርስዎ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ» ይሉኛል፤ ለሁለቱም ማዕረግ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደግነትዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነውና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጃንጥላዎቹ። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ «ሙቀቱ ሰው ሳይገድል ለሠራተኛው ጥላ ይዘጋጅ» ብሎ ሲያዝዎት፣ እርስዎ የቋንቋ ሊቅ ነዎትና ጃንጥላም ጥላ መባሉን አስታውሰው አንድ እስር ጥቁር ጃንጥላ ወደ ዕቃ ቤቴ ላኩ። ስረከበው ለክቡር እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነበር። ባሬላ ግን ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ፣ ሁለት ሁለት እጁን ጨብጦ የተቦካ ሲሚንቶ የሚሸከምበት ነገር መሆኑን የነገረዎት ሰው አልነበረም መሰለኝ። ጃንጥላውን በምናችን እንያዘው ብለን ብንጠይቅ፣ መላ የማያጣ ሰው እጅ አያጣም ብለው በሩን ዘጉብን። እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብማርም፣ ሦስተኛ እጅ የሚያበቅለው ትምህርት አልደረሰኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሃው። በርሜሉን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው የተጠማ ሰው ከንፈሩን ሳያቃጥል እንዳይጠጣ ስላደረጉ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ሰማዩ እያጓራ ሠራተኞቹ ላይኛው ወለል ላይ ብረት ሲያስሩ፣ መብረቅ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይመታም ብለው ከመኪናዎ ውስጥ ሆነው ስላበረታቱን። እርስዎ መስኮቱን ድርግም አድርገው የዘጉት ሥራ ላይ ስላልነበሩ ይሆናል።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም፣ አንጀቴ ይቃጠላል። ታናሽ እህቴ በቀትር ባሬላዋን እንደያዘች ላቧ ደርቆ፣ የማይገናኝ ነገር እየቀባጠረች ተዘረረች። ሲሚንቶውን ደፍተን በዚያው ባሬላ ተሸከምናት። ሐኪሟ ጥቂት ብንዘገይ ኖሮ ለሕክምና ሳይሆን ለቀብር እንመጣ እንደነበር ነገረችን። እርስዎ ግን ሥራ ላይ ተኝታ ተገኘች ብለው አሰናበቷት! ሰው አእምሮውን ስቶ ሲወድቅ እንቅልፍ የሚባለው ከእርስዎ ቢሮ በቀር የት እንደሆነ አላውቅም። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ የእርስዎ ነፋስ ግን ከኤሲው ነው የሚመጣው።

ከዚያማ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ጃንጥላዎቹን ደርድረው በኩራት ሲያሳዩዋት፣ እስቲ የዚህን ባሬላ አንድ ጫፍ ይያዙና አንዱን ይዘርጉልኝ ብላ በትሕትና ለመነችዎ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ሞከሩ፤ ጃንጥላው ሳይዘረጋ ሲሚንቶው ጫማዎን አለበሰው። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ዘበኛው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ለዚያ ሳቅ ዕድሜ ልኬን ባለውለታዎ ነኝ።

ውሳኔዋም አጭር ነው፦ ጥላ ማለት ማንም ሳይይዘው በራሱ የሚቆም ነው፤ ስለዚህ ዳስ ይሠራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርባል፣ በቀትር ሐሩርና በነጎድጓድ ሥራ ይቆማል፣ እህቴም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ ያለ እርስዎ ግትርነት ባልተገኘም ነበርና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ሌላውን እንዲያስቸግሩበት ሳይሆን ዳሱን እያዩ እንዲኖሩበት።

አንገቴን ዝቅ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
በፍጹም አክብሮት፣
የዕቃ ቤቷ «ሬዲዮ»፣ የባሬላ ተሸካሚዋ ታላቅ እህት

የተረሳ ነገር፦ ዳሱን መርቃ የምትከፍተው እህቴ ናት። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ሠራተኛው ከነልጆቹ ሁላችሁም ኑ፤ ሐኪሟም ልትመጣ ቃል ገብታለች። እርስዎም ከነቤተሰብዎ ተጠርተዋል፤ ሰው ስለሚበዛ ብቻ የእርስዎን የክብር ወንበር ከዳሱ ውጭ አድርገነዋል። ማንም እንዳይቀር፤ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ልክ በቀትር!