ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችው ሳጥን

ኅዳር 3 ቀን 2014፣ ዓርብ

የጠዋት ቆጠራ፦ ሪሲቨር አራት፣ ድምጽ ማጉያ ስድስት ጥንድ፣ ኦፕቲካል ገመድ አንድ ካርቶን። የኦፕቲካል ስዊች ሦስት፤ ሦስቱም አዳፕተር የላቸውም። የዱባይ ጭነት ሁሌም እንዲህ ነው... ዕቃው ዛሬ ይመጣል፣ አዳፕተሩ በሌላ ካርቶን በሌላ ወር።

ወንድሜ ሙሀነድ ናጉሩ ሰፈር ሄዷል፣ ሙዜ ባሩሃንጋ ቤት ሪሲቨር ሊገጥም። ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው፤ እዚህ አገር የተከበረ ሽማግሌ ሁሉ ሙዜ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩና የድሮ ሲዲ ማጫወቻቸው ሁሉም በአንድ ሪሲቨር በኩል በድምጽ ማጉያዎቹ እንዲሰማላቸው ይፈልጋሉ። ገመድ እየነቀሉ መሰካት አይፈልጉም። "አንድ ዕቃ ብቻ፣ ማዳም። ሌላ ኮተት ቤቴ ውስጥ እንዳላይ" አሉኝ። እሺ ብዬ ሸጥኩ።

ከሰዓት ሙሀነድ ደወለ።

"እታለም፣ ችግር አለ። ሦስቱም ዕቃዎች ድምጽ የሚያወጡት በኦፕቲካል ነው። ሪሲቨሩ ያለው የኦፕቲካል ቀዳዳ ግን ሁለት ነው።"

"ስዊች ጨምርበት። ሦስቱን ተቀብሎ በአንድ ቀዳዳ ያስገባልሃል።"

"አዳፕተር የለውማ!"

"እንደ ሌላው ጊዜ በባትሪ ድንጋይ አስነሳው። አዳፕተሩ ሲመጣ ትቀይረዋለህ።"

"ሌላ ዕቃ አልፈልግም ብለዋል እኮ ሰውዬው።"

"ማን አሳያቸው አለህ? ከቡፌው ጀርባ ደብቀው።"

ደበቀው። ከሰዓት እላፊ በፊት እየሳቀ ገባ። ሙዜ ሲዲያቸውን ከፍተው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ አለኝ። ሽቦ የማይታይበት ሥራ... በሰፈራችን በንቲንዳ ስም ያወጣነው በዚህ ነው።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ዝናብ። ገበያ የለም። አንዲት ሴትዮ ድምጽ ማጉያ መለሰች፤ "ባሌ ጮክ አድርጎ መስማት ለመደ" ብላ። ተቀበልኳት።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

መሃል ከተማ ቦምብ ፈነዳ። ሁለት ቦታ። ጠዋት ነው፣ ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት። እኛ ጋ ድምጹ አልደረሰም፤ ስልክ ነው ያረዳን። ጸሐይነሽ ከጎናችን ካለው ምግብ ቤቷ ሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። "ረምዚያ፣ ዝጊ! ዝጊና ግቢ!" ሙሀነድ ሱቅ ውስጥ ነበር። አልሐምዱሊላህ። ዘጋሁ።

ቤት ገብተን ሬዲዮ ከፈትን። የሞቱ አሉ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ... የማታውቁትን ሳጥን፣ ሽቦ ያለበት ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ወዲያው ጠቁሙ።

ሙሀነድን አየሁት። እሱም አየኝ።

ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ ጎን ለጎን በጥቁር ናስትሮ የታሰረ። ሁለት ሽቦ። ትንሽ ጥቁር ሳጥን። ቀይ መብራት። የተደበቀው ከኮሎኔል ቴሌቪዥን ጀርባ። የደበቀው ሙሀነድ የሚባል የውጭ አገር ሰው።

ያ ረቢ።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ሱቅ አልከፈትንም። የተያዙ ሰዎች አሉ እየተባለ ነው። ከየት፣ እነማን... የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያወራል።

ረጋ ብዬ ላስብ።

ልደውል? ስልክ ላይ ምን እላለሁ? "ሙዜ፣ ከቴሌቪዥንዎ ጀርባ የደበቅነው ሳጥን አለ፣ እንዳይደነግጡ።" ይህን በዚህ ሳምንት በስልክ የሚናገር ሰው ምን ይባላል?

ዝም ልበል? ድንጋዩ ቢበዛ አሥር ቀን ነው የሚቆየው። ሲያልቅ ድምጹ ይጠፋል። ድምጹ ሲጠፋ ሙዜ አስካሪያቸውን፣ የበር ዘበኛውን፣ ጠርተው ቡፌውን ያስጎትታሉ። ዝም ማለትም አያዋጣም።

ሙሀነድ፣ "ሪሲቨሩን ልፈትሽ ብዬ ገብቼ አወጣዋለሁ" አለ።

"ስትወጣ ቦርሳህን ቢፈትሹ ምን ሊያገኙ ነው?"

"ያሰርኩት እኔ ነኝ። እኔው ልሂድ" አለ።

"ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ቁጭ በል።"

ጸሐይነሽ መጣች። ነገርኳት። ሰማችና አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ከልብሷ ውስጥ አወጣችው። "እኔ ልሂድልሽ። ይህን ይዤ ማን ምን ይለኛል?"

"አንቺ የኦፕቲካል ገመድ ከማሰሮ ማንጠልጠያ አትለዪም። ምን ብለሽ ልታስረጂ?"

"አለቅሳለሁዋ። ሲያለቅሱ ያየ ሰው ጥያቄ አያበዛም።"

ከትናንት ወዲህ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው። እሷ ስትወጣ ግን ሙሀነድ ስልኩን አጠፋ። የሚደውልለት ሰው ሳይኖር... ለምን እንዳጠፋው አልጠየቅሁትም።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ሄድኩ። በሩ ላይ ከወትሮው አስካሪ ሌላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አዲስ ሰዎች ቆመዋል። የጫነኝን የቦዳ ሞተረኛ "አትቁም፣ እለፍ" አልኩት። ዳገቱን ወጥቶ ወርዶ መለሰኝ። ፈሪ! ሙሀነድን ምን ልበለው? አልተገኙም አልኩት።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ሻርፔን ፈታሁት። ተራ ሴት ልምሰል ብዬ... አየሁት፣ መልሼ አሰርኩት። ሙዜ የሚያውቁኝ በሻርፕ ነው። ያለሱ ብሄድ ገና ከበሩ ዋሽቼ ገባሁ ማለት ነው።

ቦርሳ አልያዝኩም። ስልክና መታወቂያ ብቻ።

አዲሶቹ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩ። የድሮው አስካሪ ባይኖር አያስገቡኝም ነበር። "የሙዚቃዋ ማዳም ናት" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዛሬ ባዶ እጅሽን?"

"ዛሬ ባዶ እጅ ይሻላል።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሙዜ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ውስጥ ሲዲው ይዘፍናል። ድንጋዩ አላለቀም ማለት ነው።

"ሙዜ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። እስክጨርስ እንዳይነሱብኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለቱን ቀዳዳ፣ ስዊቹን፣ ድንጋዩን፣ ናስትሮውን፣ ደብቀው ማለቴን። እየተናገርኩ ነገሩ እንዴት እንደሚሰማ ለራሴም ይሰማኛል። ማቆም ግን አይቻልም።

ጋዜጣውን አጣጠፉት። በዝግታ።

"የወንድምሽ ስም ማን ነበር?"

"ሙሀነድ።"

"ሙሀነድ" ብለው ደገሙት። ከዚያ ሠራተኛዋን ጠርተው የልጅ ልጆቻቸውን ይዛ ጓሮ እንድትወርድ አዘዟት። "የማቶኬው ሙዝ እሳት ላይ ነው" ስትል፣ "ይረር!" አሏት።

ስልካቸውን አነሱ።

"አንድ ጊዜ ብደውል ይህ ግቢ በወታደር ይሞላል። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ካልመጣሁ ሌላ ሰው ያገኘዋል። ያን ጊዜ ወንድሜን ይይዙታል እንጂ ቁጭ ብሎ የሚሰማው የለም።"

አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ብሰብር ያበቃልናል ብዬ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

"አውጪው። ብቻሽን።"

እሳቸው ወደ ጓሮ ወረዱ። ሳሎን ገባሁ። ዘፈኑን ዘጋሁት። ቡፌውን ሳብኩ፣ ከባድ ነው፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ተንበረከክሁ። እዚያው ነው... ቀይዋ መብራት በርታለች።

ያስመጣሁት እኔ፣ ያዘዝኩት እኔ። ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚህ ከተማ የለም። እጄ ግን እምቢ አለ። ሙሀነድ እንዲህ አጥብቆ ነው እንዴ የሚያስረው? ናስትሮው ይህን ያህል ወፍራም ነበር? ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ነክቶት ቢሆንስ? ሞኝ... ማን ሊነካው? ግን ቢሆንስ?

ቢስሚላህ ብዬ አንዱን ገመድ ነቀልኩ። ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ብርሃን መዳፌ ላይ አረፈ። አይሞቅም፣ አያቃጥልም። ድምጽ የሚያመጣ ብርሃን ነው። ከድምጽ በቀር ምንም የለበትም።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ጸሐይነሽ ሰምታ ደስ ይበላት።

በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሙዜ መጥተው በእስክሪብቶ ገለበጡት።

"ይህን ያገኘ ሰው ምን እንዲል ነበር ያሰባችሁት?"

"እንዳያገኘው ነበር ያሰብነው፣ ሙዜ።"

"ጥፋታችሁም እሱ ነው።"

ቴሌቪዥኑንና ዲኮደሩን በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ እንድሰካ ነገሩኝ። ሲዲውን ሲፈልጉ ራሳቸው አንዱን ነቅለው ይሰካሉ። እንዴት እንደሚነቀል አሳየኋቸው፤ እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ድንጋዮቹን ይዤ መውጣት ፈራሁ። ለአስካሪው ይሁን አሉ፣ ለባትሪ መብራቱ።

ስወጣ፣ "ወንድምሽ ለጊዜው ወደዚህ ሰፈር አይምጣ" አሉኝ። "እኔ ሰማሁሽ። በር ላይ ያሉት ግን አይሰሙም።"

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ሱቅ ከፈትን። ጸሐይነሽ ትኩስ ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበት የቻፓቲ ቂጣ፣ ይዛልን መጣች፤ ዘይቱ ይንጠባጠባል። "ብሉ እንግዲህ፣ እናንተ የሽቦ ደባቂዎች! ፊታችሁ የሦስት ቀን የፖሾ ገንፎ መስሏል።" ሙሀነድ በላ። ከማክሰኞ ወዲህ ሲበላ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

በልቶ ሲጨርስ ጠየቅሁት። መጠየቄን ባልወደውም።

"ድንጋይ ያሰርክባቸው ሌሎቹ ቤቶች ተመልሰህ አዳፕተር ስታስገባ... የታሰሩትን ድንጋዮች ፈትተህ ነው የወጣኸው?"

እጁን በወረቀት ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

"ሙሀነድ?"

"ትቻቸዋለሁ፣ እታለም። ማን ያየዋል ብዬ።"

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ትናንትና ዛሬ ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። ንቲንዳ ያለችው ሐኪም ስቃ አወጣችልኝ። ሌላው ሰውዬ አልሳቀም፤ ከነሪሲቨሩ መለሰልኝ። ተቀበልኩ። እየገባሁ በሩ ላይ ነው የምናገረው፣ ገና ሳልቀመጥ።

ሱቅ ውስጥም ቀዳዳውን ቆጥሬ ሳላሳይ አልሸጥም። ዛሬ አንድ ደንበኛ ሁለት ብቻ ነው ስለው ሄደ። ይሂድ።

ሙሀነድ ከባንኮኒው ጀርባ አይወጣም። ሞተር በቆመ ቁጥር ቀና ይላል።

የቀረው ፖርት ቤል ሰፈር ያለው ነው፣ ደንበኛችን ኦብሳ ተከራይቶት የነበረው ቤት። ደወልኩለት። ናይሮቢ ገብቷል። "ቴሌቪዥኑን ከነቡፌው ለአዲሶቹ ተከራዮች ሸጥኩላቸው" አለኝ።

"እነማን ናቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ደላላው ነው ያመጣቸው። ምነው፣ ዕቃው ተበላሸ እንዴ?"

አልተበላሸም አልኩት።

ደላላው ስልክ አያነሳም። የማላውቀው ሰው በር፣ የማላውቀው ሰው ሳሎን...

ነገ፦ ሱቁን ሙሀነድ ይከፍታል። እኔና ጸሐይነሽ በጠዋት ታክሲ ፖርት ቤል፣ ድንጋዩን ልናወጣ። የምንይዘው፦ ካቻቢቴ፣ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃዱ ኮፒ።