ከፖስተርዎ ኋላ ተሰልፈን

ለክቡር አቶ ስብሐት፣ የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት የስብሰባ አዳራሽ።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ስብሰባው፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ያለው ሥልጠና፣ ከሥልጠናውም ቀጥሎ ያለው የልምድ ልውውጥ እንዴት ይዞዎታል? እኛ የጉለሌ ነዋሪዎችዎ በርዎ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ወገባችንን ከመቁረጡ በቀር ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ እህቴ ስለ ወይዘሮ ታየች ነው። ሽሮ ሜዳ ለሚሸጡ ቀሚሶች ጥልፍ እየጠለፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀኝ ዓይኗ በዓይን ግፊት በሽታ ጠፍቷል፤ ግራው ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እሱም እንደሚከተል፣ የጠፋ ብርሃን ደግሞ እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮናል። በነጻ ለመታከም የሚያስፈልጋት ከቢሮዎ የምትወጣ አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ናት። ደብዳቤዋ ኮምፒውተር ላይ ተጽፋ አልቃለች፤ የቀራት ከፕሪንተር መውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ወደ ስብሰባው ከመሄድዎ በፊት በር ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ፖስተር ማዘዝዎን አደንቃለሁ። «ተገልጋይን ማስጠበቅ ነውር ነው» ይላል አሉ፤ አሉ የምለው እስካሁን ስላልወጣ ነው። አሮጌው ሰርቨርዎ የቢሮውን ሥራ ሁሉ በተራ በተራ ለአንዲት ፕሪንተር ያቀብላል፤ ፖስተሩ ደግሞ እሷ ልትጎርሰው የማትችለውን ሰፊ ወረቀት ይጠይቃል። እሷም ወረቀቱ እስኪመጣላት ቆማ ትጠብቃለች፤ የእህቴም ደብዳቤ ከኋላ ቆማ ትጠብቃለች።

2ኛ. ጸሐፊዎ ወይዘሪት ቦንቱ እጅግ ትጉ ናት። ደብዳቤዋ አልወጣ ባለች ቁጥር ምናልባት ብላ እንደገና ትልካታለች፤ ባልደረቦቿም የየራሳቸውን እንደዚያው። በዚህም የሰርቨሩ ሰልፍ በንግሥ ቀን ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚወጣው ሕዝብ በልጧል። ቢቸግራቸው ሰርቨሩን አጥፍተው አበሩት፤ ታማኝ ነውና እንደተነሳ መጀመሪያ ያስታወሰው የእርስዎን ፖስተር ነው።

3ኛ. ከክፍለ ከተማ የተላከው ባለሙያ አቶ ቶለሳ ኬብሉን ነቅሎ ሰክቶ ሲያበቃ ችግሩን አገኘው። ፖስተሩ ከሰልፉ ቢሰረዝ ሌላው ሁሉ ወዲያው ይወጣል አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ቦንቱ ቶለሳን አየችው፤ ቶለሳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን አያት፤ እሷም ጣሪያውን አየች። የኃላፊ ሥራ ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይነካም ተባለ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ አባቶች፤ ፖስተር አይሰረዝ የሚለውን የጨመሩልን እርስዎ ነዎት። ስልክዎ ተሞከረ፤ ዝግ ነው።

4ኛ. በእጅ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት ብዬ ብለምን፣ ቢሮው ስለዘመነ የእጅ ጽሕፈት ቀርቷል ተባልሁ። እንኳን ደስ ያለዎት።

ክቡርነትዎ፣ የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ በዚህ መካከል አልፏል። ሐኪሙ አዝኖልን ሌላ ሰጥቶናል፤ የፊታችን ሐሙስ ነው። ፈርቻለሁ። ትናንት ታየች የመርፌዋን ቀዳዳ በምላሷ ጫፍ ስትፈልግ አይቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም፤ በሻይ ዕረፍት ስልክዎን ከፍተው ለቦንቱ ሰርዢው ይበሏት። ከዚያ በኋላ ፖስተሩን በፈለጉት ስፋት ያሳትሙ፤ ተሸክሜ የምሰቅልልዎ እኔ ነኝ።

መልካም ስብሰባ፣ የሰመረ ሥልጠና፣ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ተራዬን ጠብቄ እጅ የምነሳዎ፤

አክሊል፣ ከቁስቋም ሰፈር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታየች እርስዎን ስለምታከብር ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ሽሙጡን ሁሉ እንዳወጣ ለመነችኝ። አውጥቼዋለሁ ብዬ ሰጠኋት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ ካየችው በኋላ፣ አሁን ጥሩ ነው ብላ መለሰችልኝ።