ግሱ እስኪመጣ ሦስት ዙር

ለክቡር የአምቡላንስ አገልግሎት ኃላፊ እና የመንገድ መሪ መሣሪያዎች አወዳዳሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ መንገድ ስለተገኘበት ውድድር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የደም ግፊትዎ እንደ ኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ ከፍና ዝቅ የማያውቅ፣ ሕይወትዎም እስከ መጨረሻው አምቡላንስ የማያስፈልጋት እንድትሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአምቡላንስ ቁጥር አራት ሹፌር ነኝ። በክስ ደብዳቤዎ ላይ “በቅጽል ስሙ አቋራጭ እየተባለ የሚጠራው” ብለው ስላስታወሱኝ ራሴን በረጅሙ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ጉባኤው ከሥራ ልሰናበት ወይስ አልሰናበት የሚለውን ስለሚወስን፣ ሃያ አንድ ዓመት መሪ ሲጨብጥ የኖረ እጄ ብዕር ጨብጦ ይህንን ለሕዝብም ጭምር የሚነበብ ደብዳቤ ሊጽፍልዎ ደፍሯል። ዓረፍተ ነገሬ ከረዘመብዎ ይታገሡኝ፤ ከመረጡልን መሣሪያ ጋር ስምንት ወር ስለሠራሁ አነጋገሩ ተጋብቶብኛል፤ ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ግን አይቀርም።

1ኛ. ስለ ውድድሩ

ለመኪኖቻችን ተንቀሳቃሽ የመንገድ መሪ መሣሪያ ለመምረጥ ያካሄዳችሁትን ውድድር ሪፖርት፣ ሠላሳ አንዱንም ገጽ፣ በተረኞች ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንብቤዋለሁ። ሦስቱ ተወዳዳሪዎች ከካርቶናቸው ወጥተው በአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ መደርደራቸውን፣ በአንዲትም መኪና ላይ አለመሰቀላቸውን ስረዳ፣ መኪኖቻችንን ላለማድከም ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላለፍኩም። ሳተላይት ፈልጎ የማግኘት ፍጥነታቸው በኮንክሪት ጣሪያ ሥር ሲለካ ሦስቱም አንድም ሳተላይት ስላላገኙ፣ “በመካከላቸው ልዩነት አልታየም” ተብሎ ለሦስቱም ሙሉ ነጥብ ተሰጥቷል። በመስታወት ላይ የሚጣበቁበት መምጠጫ በጠረጴዛው መስታወት ላይ ተፈትኖ፣ ጠረጴዛው ከቦታው ባለመነቃነቁ ሁሉም አልፈዋል። ተንቀሳቃሽ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ደግሞ አንድ የኮሚቴ አባል እያንዳንዱን መሣሪያ ይዘው ከመስኮቱ እስከ በሩ ሄደው በሰላም መመለሳቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። እኚህ አባል መንገድ ጠፍቷቸው ስላልቀሩብን ደስ ብሎናል።

ልዩነት የታየው፣ ሠላሳ ነጥብ በተያዘለት “የአነጋገር ጨዋነት” በሚለው መስፈርት ብቻ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ “ግራ ታጠፍ” ብሎ በሁለት ቃል ስለሚጨርስ፣ “የመሥሪያ ቤቱን ባልደረባ አንተ እያለ የሚያዝ፣ አስተዳደግ የጎደለው” ተብሎ ወድቋል። ሁለተኛው መሪ የጨበጠውን ሁሉ “ታጠፊ” ስለሚል “የወንድ ሹፌሮችን ክብር የሚነካ” ሆኖ ተገኝቷል። የአምቡላንስ ቁጥር ሁለት ሹፌር የሆነችው እህታችን፣ እሱስ ለእኔ ይስማማኛል፣ እስከ ዛሬ በየደብዳቤው አንተ ስባል ችዬ ኖሬያለሁ ብላ ብታመለክት “አስተያየትህ ደርሶናል” የሚል መልስ ተጽፎላታል። ሦስተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ “ክቡር አሽከርካሪ፣ እንደምን ዋሉ፤ ከፊት ለፊትዎ ከሚገኘው መስቀለኛ መንገድ ሲደርሱ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ እንዲታጠፉ በአክብሮት እንጠይቃለን።” ኮሚቴው በጭብጨባ መረጠው። ከኋላ ከታማሚ ጋር የምትቀመጠው ነርሳችን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ስም አወጣችለት፤ እሜቴ አለቻቸው። እኔም ከዚህ በኋላ በማዕረጋቸው እጠራቸዋለሁ።

2ኛ. ስለ እሜቴ ግስ

ክቡር ሰብሳቢ ለሹፌሮችዎ በማሰብ ያልተመለከቱት አንድ ትንሽ ነገር ቢኖር፣ በቋንቋችን ግስ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ፣ መታጠፊያው የሚመጣው ግን ከዚያ በፊት መሆኑን ነው። እሜቴ “ወደ ቀኝ” ሲሉ ሰምቶ መሪውን የጠመዘዘ ሰው፣ “ሳይሆን” የምትለዋን ቃል የሚሰማት በስተቀኝ ካለው ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ገብቶ ዱቄት ለብሶ ነው። ጨዋ ሆኖ እስከ መጨረሻው ያዳመጣቸው ደግሞ መታጠፊያውን አልፎት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እሜቴ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ጠይቀው እንደገና ከሰላምታ ይጀምራሉ።

የዛሬ ሁለት ወር፣ “መሣሪያውን ያልታዘዘ ሹፌር ይጠየቃል” የሚለው ማስታወቂያዎ በተለጠፈ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ በስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ግማሽ ጎኑ ከድቶት ጠሩን። ነርሷ ከኋላ ሆና፣ ደም ወደ አንጎሉ በደንብ እየደረሰ አይደለም፣ ቶሎ በል አለችኝ። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ ማስታወቂያዎ ግን በዓይኔ ላይ ነበር፣ ስለዚህ ለመታዘዝ ወሰንኩ። አደባባዩ ውስጥ ስገባ እሜቴ “ክቡር አሽከርካሪ፣ እንደምን ዋሉ” ብለው ጀመሩ፤ የመጀመሪያው መውጫ አለፈ። “ከአደባባዩ መውጫዎች መካከል፣ ፈቃድዎ ከሆነ” ሲሉ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው መሆኑን ገልጸው “እንዲወጡ” ከሚለው ሲደርሱ እሱም ከኋላችን ቀርቷል። እንዲህ እያልን ሳይረናችን እየጮኸ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞርነው። በመጀመሪያው ዙር መኪኖችን አስቁሞ መንገድ የከፈተልን ትራፊክ ፖሊስ፣ በሁለተኛው ግራ ተጋብቶ አየን፣ በሦስተኛው ሙሽራ የያዝን ሳይመስለው አልቀረም፣ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልን።

የያዝነው ግን ልብስ ሰፊውን ነበር። በሕይወት ተርፏል። ቀኝ እጁ ግን እስከ ዛሬ መርፌ አይይዝም፤ ሐኪሙም ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታደርሱት ኖሮ ሲል የሚያየው እኔን ነበር። እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ቀልዴን ላቁም። አፍሬያለሁ። መንገዱን እያወቅሁ፣ የሚወጡበትን ቀዳዳ በዓይኔ እያየሁ፣ አንድ ግስ እስኪመጣ ድረስ ከሰው ሕይወት ጋር መዞሬ ያሳፍረኛል፤ ሚስቱ በደጃፋቸው ሳልፍ አሁንም ሰላም ትለኛለች፣ ያ ሰላምታ ያቃጥለኛል። እሜቴን በገዛ እጄ ማጥፋት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

3ኛ. ስለ ምስጋና ወረቀቱ

ለዚያው ለአደባባዩ ጉዞ በፊርማዎና በማኅተምዎ የተደገፈ የምስጋና ወረቀት ደርሶኛል፦ “ከተመራበት መስመር ሳይወጣ በመጓዝ አርአያ ስለሆነ።” ለካ እሜቴ የሚያስቀምጡት የጉዞ መዝገብ ሦስቱን ዙር ሦስት እጥፍ ታዛዥነት አድርጎ ቆጥሮልኛል። በፍሬም አድርጌ ሳሎን ልሰቅለው አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ፣ ይህንን የሚሸከም ግድግዳ የለንም ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

4ኛ. ስለ ራሴ ውድድር

የኮሚቴውን ድካም ከንቱ ላለማድረግ፣ በእረፍት ቀኔ አንድ ትርፍ እሜቴን ከንብረት ክፍል በፊርማ ተውሼ፣ ዕቃ አመላላሽ ከሆነው ከልጄ ባል ደግሞ ያንን አስተዳደግ የጎደለውን መሣሪያ ተቀብዬ፣ ሁለቱን በእሱ መኪና ክሩስኮት፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ጎን ለጎን ሰቅዬ ከጣቢያችን እስከ ሆስፒታሉ ነዳሁ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ቃላቸውን ቆጠረች። ባለጌው በሃያ ስድስት ቃል አደረሰን፤ እሜቴ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ተናግረው፣ መኪናውን አቁመን ከወረድን በኋላም ስለ ትብብራችን እያመሰገኑን ነበር።

ለባለጌው ማድላቴ እንዳይመስልብዎ እውነቱን ልናገር፦ ከሁለት ዓመት በፊት የፈረሰውን ድልድይ ሁለቱም አያውቁትም። ሁለቱም ወደ ወንዙ መርተውናል። የባለጌው ስህተት ግን “ቀጥ በል” የምትል ብቻ ስለሆነች ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ይተርፋል፤ እሜቴ ወደ ወንዙ ሲመሩዎት እንኳ በማዕረግ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። የልጄ ባል፣ ይቺን የመረጣት ሰው መኪና አይነዳም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎን የሚነዳዎት ሹፌር እንዳለዎት፣ እሱም መሣሪያ እንዳልተሰጠው ነገርኩት።

5ኛ. ስለ ሦስቱ ክሶች

በመጀመሪያው ክስ እሜቴን አጥፍቼ በአትክልት ገበያው ጓሮ አልፌያለሁ ተብያለሁ፤ አልክድም። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች የጫንኩት፤ ልጇም የተወለደው በፈረሰ ድልድይ አፋፍ ሳይሆን በማዋለጃ አልጋ ላይ ነው። በሁለተኛው፣ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የወደቀ ግንበኛ ይዤ በትምህርት ቤቱ ጀርባ አቋርጫለሁ፤ ይህንንም አልክድም፣ ነገም አደርገዋለሁ።

ሦስተኛው፣ የሚያሰናብተኝ ማለት ነው፣ ያለፈው እሑድ ቀትር ላይ የተፈጸመ ነው። በሩ ቀይ ከሆነ ቤት አንዲት አዛውንት እናት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጭንቅላታቸውን ተመትተው አነሳናቸው። ክሱ “መሣሪያውን ከፊት መስታወቱ ላይ በንቀት ነቅሎ ወለል ላይ በመጣል” ይላል። መነቀሉ እውነት ነው። መጣሉም እውነት ነው። እናትየው በዘጠኝ ደቂቃ ሐኪም እጅ መግባታቸውም እውነት ነው። ስለ ነቃዩ ግን ከታች ጥቂት እላለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ውድድሩ እንደገና ይካሄድ፤ በዚህኛው ግን መሣሪያዎቹ በአምቡላንስ ቁጥር አራት ላይ ይሰቀሉ፣ የኮሚቴው አባላትም ተራ በተራ ከኋላ ቃሬዛው ላይ ይተኙ፣ ነጥቡንም ከዚያው እንደተኙ ይስጡ። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር መሣሪያውን የማጥፋት ፈቃድ ይሰጠው። ሁለቱም ካልሆነ አሰናብቱኝ፤ ነገር ግን የምትተኩት ሰው ልብስ ሰፊውን ማየት የሚችል ልብ ያለው መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ እኔ አልቻልኩምና።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከዚያ ከሚበልጥ ትዕግሥት፣ ከሁለቱም ከሚበልጥ ግርምት ጋር፤

ሁልጊዜ አንድ መታጠፊያ ያለፈው ታዛዥዎ፣
የአምቡላንስ ቁጥር አራት ሹፌር (እስከ ሐሙስ)

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊው፣
በአደባባዩ ለነበረው ትራፊክ ፖሊስ፣
ለእሜቴ፤ ካሉበት።

ሳልረሳው፦ የቀይ በሩ ቤት እናት ደኅና ናቸው። ትናንት በጠያቂ ሰዓት ገብቼ አይቻቸዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ እንዳነሳቸውም እየሳቁ ፈቅደውልኛል። “ያንን አቋራጭ የምትሉትን ሹፌር ላኩልኝ፣ እናቴ ናት” የሚለው ድምፅዎ በጥሪ መዝገባችን ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ጥሪ ተቀምጧል። እርስዎ ከጎኔ ተቀምጠው ሳሉ እሜቴ “ክቡር አሽከርካሪ፣ እንደምን ዋሉ” ብለው ሲጀምሩ ከመስታወቱ ነቅሎ የጣላቸው እጅ የእርስዎ ነበር፤ የእኔ ሁለቱም መሪ ላይ ነበሩ። በጭንቀትዎ ሰዓት የሆነ ነው፣ እኔም በቦታዎ ብሆን አደርገው ነበር። ያን ጊዜ ከደረት ኪስዎ የወደቀውን የማንበቢያ መነጽር ከወንበሩ ሥር አግኝቼዋለሁ፤ የክሱ ደብዳቤ የተፈረመው በማግስቱ ሰኞ ስለሆነ ሳያነቡት እንደፈረሙት ገብቶኛልና አልተቀየምኩም። መነጽሩን ሐሙስ ይዤልዎት እመጣለሁ። እስከዚያው ግን፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ እንደምን ዋሉ፤ ከፊት ለፊትዎ ከሚገኘው ወረቀት ሲደርሱ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ በመፈረም ሳይሆን በማንበብ እንዲጀምሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።