መብራት ጠፍቶ የተሰጠ ድምፅ፦ የአቶ ወንድይራድ ኢተፋ የሕይወት ታሪክ (1961–2002 ዓ.ም.)

አቶ ወንድይራድ ኢተፋ ከአባታቸው ከአቶ ኢተፋ ቶሎሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በ1961 ዓ.ም. በሞጆ ከተማ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው ዋጋዬ ኢተፋ ነኝ። አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ «እሳቸው» ማለት ለአንደበቴ ይከብደዋል፤ ነገር ግን ወግ ነውና፣ ዛሬም ተነስተው «ተይ እንጂ ዋጌ» ስለማይሉኝ፣ እሳቸው እያልኩ እቀጥላለሁ።

አባታችን የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ስለነበሩ አቶ ወንድይራድ የልጅነት ጊዜያቸውን ያሳለፉት ሐዲድ ዳር ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሞጆ፣ ሁለተኛ ደረጃን በናዝሬት ተከታትለዋል። በትምህርት መካከለኛ፣ በጉልበት ግን ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የበለጡ ነበሩ፤ ጎረቤት ቁም ሳጥን ሲያዞር የሚጠራው እሳቸውን ነበር። በ1980 ዓ.ም. ለውትድርና እንዳይወሰዱ በዕቃ ባቡር ተሳፍረው ጅቡቲ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በስደተኝነት ኖርዌይ ደረሱ። እኔም በዓመቱ ተከተልኳቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን እሳቸው ይቆጥሩት እንደነበረው በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

ጥቂት ወራት በስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ከቆዩ በኋላ ኦስሎ ገብተው ቋንቋ ተማሩ። በ1995 እዚያው ኦስሎ፣ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ቫክትመስተር ሆነው ተቀጠሩ። የሕንፃው ቁልፍ፣ ማሞቂያው፣ አምፖሉ፣ በረዶ መጥረጉ ሁሉ የእሳቸው ኃላፊነት ነበር። በ1998 ከወይዘሮ ፍቅር ጌቱ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው በ2000 ልጃቸውን ሄርሜላን ወለዱ። ኑሯቸውም እዚያው አጠገብ ግሮሩድ ሰፈር፣ ከጫካው ጥግ ካለው ፎቅ ላይ ነበር።

ራግቢ የሚሉት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበት ነገር ውስጥ የገቡት በአጋጣሚ ነው። በትምህርት ቤታቸው ሜዳ ላይ የሚለማመድ፣ ተማሪውም ሠራተኛውም፣ አገሬውም መጤውም የተቀላቀለበት አንድ ትንሽ ቡድን ነበረ። አቶ ወንድይራድ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ከፍተውላቸው ሲጨርሱ ይዘጋሉ። አንድ ቀን ሰው ጎደላቸውና ቁልፍ የያዘውን ትልቅ ሰውዬ ለመኗቸው። እሳቸውም በሥራ ቱታቸው ገቡ። እኔ ይህን ነገር ጨዋታ ብዬ ለመጥራት እስከ ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም፤ እሳቸው ግን ወደዱት። ጆሯቸው ተጨማድዶ፣ አንገታቸው ወፍሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እያነከሱ በደስታ ይመጡ ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ ሳልረዳው ብቀር በወደድኩ ነበር። በራግቢ ስክረም የሚባል ነገር አለ። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ፣ ጎንበስ ብሎ ከፊት ይጋጠማል፤ የቀሩት ከኋላ ይገፋሉ። መሐል ያለው ተጫዋች እጆቹን በሁለቱ ጓደኞቹ ትከሻ ላይ ስለሚያሳርፍ አጥብቀው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አቶ ወንድይራድ በግራ ቆመው በቀኝ እጃቸው የመሐሉን ሰው ይይዛሉ። በቀኝ የሚቆመው ደግሞ ማኑ የተባለ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ሲሆን፣ በግራ እጁ ይይዛል። ማኑ ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናት የሚጠብቅ፣ ድምፁ እንኳ የማይሰማ ልጅ ነው።

መሐል የሚቆመው የአመሩድ ሰፈር ነዋሪዋ የወይዘሮ እታለም ልጅ ፊሊፕ ነበር። ወይዘሮ እታለምን ሁላችሁም ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው ቡድኑ ውስጥ ልግባ ሲል «ይሰብሩብኛል» ብለው አልፈቅድም አሉ። አቶ ወንድይራድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «አይዞሽ እታለም፤ እኔ ከጎኑ ነኝ። እኔ እይዘዋለሁ» አሏቸው። እናትም በዚህ ቃል ልጃቸውን ሰጡ።

በ2007 ግንቦት ላይ፣ ዝናብ በነበረበት ቀን፣ በውድድር መሐል ስክረሙ ተናደ። ፊሊፕ ከሥር ሆኖ አንገቱ ተጎዳ። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅሱ የያዙት አቶ ወንድይራድ ናቸው። ልጁ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሐኪሞቹም፣ ዳኛውም፣ ጉዳዩን ያዩት ሁሉ በማንም ላይ ጥፋት አላገኙም። ለቅሶ ደረስን፣ ቀበርን፣ ሠልስት አወጣን። ለሌላው ሰው ነገሩ በዚህ አበቃ።

አቶ ወንድይራድ ግን እጄ ለቀቀ ብለው አመኑ። ጭቃ የነካው ማሊያ ከጣቶቼ ሲሾልክ ተሰምቶኛል፣ የልጁ አንገት የተሰበረው ስለለቀቅኩት ነው ብለው አመኑ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። እኛ የምናየው ሌላ ሌላውን ነበር። ተኝተው ሳለ ቀኝ እጃቸው ይጨበጣል፤ ባለቤታቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ ይፈቱና ተመልሶ ይጨበጣል። መንገድ ሲያሻግሯት ሄርሜላን እጇ እስኪቀላ አጥብቀው ይይዟታል፤ ልጅቱም ከተሻገሩ በኋላ «ፓፓ፣ ደርሰናል እኮ» ትላቸዋለች። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ፣ በሩ ጥግ ይቆማሉ። ወይዘሮ እታለም ሰላም ሊሏቸው ሲመጡ እሳቸው ጫማቸውን አንስተው ወጥተዋል። እሳቸው ወጥተው የተዉትን ጥግ ሴትየዋ ቆመው ሲያዩት አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሽልማቱ ልምጣ። ቡድኑ በየዓመቱ መከር ላይ፣ የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ፣ ተጫዋቾቹ ከመካከላቸው አንዱን የሚመርጡበት ሽልማት አለው። አሠልጣኝም ተመልካችም አይገባበትም፤ አብሮህ የወደቀ ብቻ ነው የሚመርጥህ። ሽልማቱ ጣውላ ላይ የተቸነከረ አሮጌ ጫማ ነው፤ ለእነሱ ግን ከወርቅ ይበልጣል። አመራረጡም እንዲህ ነው። ሁሉም ታጥበው ባዶ እግራቸውን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ በግድግዳው ላይ የራሱ መስቀያ አለው። መብራት ይጠፋል። እያንዳንዱ አንድ ካልሲውን ይዞ በዳበሳ ይሄድና በመረጠው ሰው መስቀያ ላይ ይሰቅላል። መብራት ይበራል፣ ይቆጠራል፣ እንደገና ይጠፋል፣ ሁሉም ካልሲውን በጨለማ መልሶ ይወስዳል። ካልሲው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማን ማንን እንደመረጠ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። መብራቱን የሚያጠፉትና የሚያበሩት ቫክትመስተሩ ወንድሜ ነበሩ።

በዚያው ዓመት መከር፣ መብራቱን ሲያበሩ፣ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል እሳቸውን መርጦ ነበር። ፊሊፕን ጭቃ ላይ ይዞ የቆየው ሰው ብለው ነው። እሳቸው ካልሲያቸውን የሰቀሉት በሟቹ መስቀያ ላይ ነበር። ሆኖም በዚያ መስቀያ ላይ የተንጠለጠሉት ካልሲዎች ሁለት ናቸው። ጓደኞቻቸው ሲያጨበጭቡ እሳቸው ሁለተኛዋን ካልሲ ያዩ ነበር።

መብራቱን መልሰው አጠፉና ካልሲያቸውን ሊወስዱ በዳበሳ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ፊሊፕ መስቀያ ሲዘረጉ ሌላ እጅ ነካቸው። ቀዝቃዛና እርጥብ እጅ ነበር። ለአንድ አፍታ ጣቶቻቸውን ያዝ አደረገና ለቀቀ። ወንድሜ ፈሪ ሰው አልነበሩም፤ በዕቃ ባቡር በረሃ ያቋረጡ ናቸው። ያን ቀን ግን ቤታቸው ደርሰው ጃኬታቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያ እጅ የፊሊፕ ነው ብለው አመኑ። ለምን እንደለቀቅኩት ሊጠይቀኝ መጣ አሉ በልባቸው። ሽልማቱንም ቦዱ ውስጥ፣ ምድር ቤት ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት። ወይዘሮ ፍቅር ሳሎን እንስቀለው ሲሉ «የኔ አይደለም» አሏቸው። ትሕትና መሰለን።

በ2008 ምርጫ ያንን እጅ ፈርተው ካልሲያቸውን ሰቅለው ሳይወስዱ ቀሩ። በማግስቱ ጠዋት ክፍሉን ሲከፍቱ ግን ሁለቱም ካልሲዎች ጎን ለጎን እንደተሰቀሉ ነበሩ። ያኛውም ሰው እንደሳቸው ፈርቶ የቀረ መሆኑን አላሰቡትም። ሙት ካልሲ አይሰቅልም ብሎ የሚነግራቸውም አልነበረም፤ ምክንያቱም መጠየቅ ነውር ነው።

በ2009 ጸደይ ላይ አቶ ወንድይራድ ታመው ሲመረመሩ ካንሰር በጉበታቸው ተሰራጭቶ ተገኘ። እሳቸውም የእጄ ዋጋ ነው ብለው ተቀበሉት። ያን ጊዜ ነው ለባለቤታቸውና ለእኔ ይህን ሁሉ የነገሩን። ሞታቸውን አልፈሩትም። የፈሩት ለጥያቄው መልስ ሳይዙ እዚያ ማዶ ከፊሊፕ ጋር መገናኘታቸውን ነው። እኔ ተናደድኩ፤ እግዚአብሔርን እንዲህ ቂመኛ አድርገህ የሳልከው አንተ ነህ ብዬ ጮህኩባቸው። የኔ ጩኸት ግን እጃቸውን አላስፈታም።

በመስከረም ማኑ ሊጠይቃቸው መጣ። እኔ ሾርባ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ልጁ ጃኬቱን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ፣ «ጋሼ ወንዴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ፊሊፕን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ግራ እጄ ነው» አለ።

ወንድሜ ከትራሱ ቀና አሉ። «ኔይ፤ አይደለም፤ እኔ ነኝ እንጂ! አንተማ ይዘኸው ነበር።»

«ኔይ፣ ጋሼ፣ የያዝከው አንተ ነህ። ሁሉም አይቶሃል።»

በር ላይ «አንተ ግባ፣ አንተ ግባ» እንደሚባባሉ ሰዎች ተከራከሩ። በመጨረሻ ማኑ «መስቀያው ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ካልሲ የኔ ናት» አለ። ወንድሜ የልጁን እጅ አዩ። «እጄን የያዝከኝ አንተ ነህ?» ሲሉት ልጁ ፊቱ ነጣ። «አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ ፊሊፕ መስሎኝ… ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም» አለ።

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ፤ ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሸክም ተሸክመው፣ እጅ ለእጅ እስኪነካኩ ድረስ ተቃርበው ሳለ፣ አንዱ ሌላውን ሙት ነው ብሎ ሸሸው። የማን እጅ ቀድሞ እንደለቀቀ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ምናልባት የማንም አልነበረም።

በዚያው ሳምንት አቶ ወንድይራድ ወይዘሮ እታለምን አስጠሩ። ማኑም አብሮ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ሴትየዋ አልጋው ላይ ተቀምጠው የወንድሜን ቀኝ እጅ ያዙ። «እይዘዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አሏቸው። «ይዘኸዋል። እስከ ዛሬ አልለቀቅከውም። አሁን በቃ፤ ልቀቀው፤ እናቱ እቀበልሃለሁ።» ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ ተኝተው እጃቸው ተጨብጦ አላየነውም። ሽልማቱንም ከቦድ አስወጥተው ለማኑ ሰጡት።

አቶ ወንድይራድ በአገራችን አቆጣጠር በኅዳር 2002 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ በዚያው በ2009፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እኔ አጠገባቸው ሆነን፣ በተወለዱ በ41 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ይህ ታሪክ እንዲነበብ የፈለጉት ራሳቸው ናቸው፤ ማኑና ወይዘሮ እታለምም ፈቅደዋል። ዛሬ ሬሳቸውን የሚሸከሙት የቡድኑ ልጆች ናቸው። ማኑ እሳቸው ይቆሙበት በነበረው በግራ በኩል ልቁም ብሎ ለምኖናል።

በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁን፣ ላስታመማችሁን፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት የቡድኑ ልጆች ግን ከታላቅ እህታቸው አንድ ልመና አለኝ። ማኑ ይተረጉምላችኋል። ቫክትመስተራችሁ ስለሌሉ ከእንግዲህ መብራቱን ከእናንተ አንዱ ነው የሚይዘው። በመጪው መከር ስትመርጡ አታጥፉት። ማን የማንን መስቀያ እንደሚዳብስ ተያዩ፤ ተጠያየቁም።

እግዚአብሔር የወንድሜን የወልደ ጊዮርጊስን ነፍስ፣ ቀድሞ ከሄደው ከፊሊፕ ጋር፣ መብራት በማይጠፋበት ቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።