«ፕላስቲክ ሁሉ ፕላስቲክ ነው» ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የላቦራቶሪያችን የግዥ ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም ጓንት ጠይቀን እንደምንጠብቀው ጊዜ የረዘመ ይሁንልዎ።

እኔ ከኮሪደሩ በስተግራ ያለው፣ በናሙና ውስጥ የበሽታ ዘረመል የሚፈለግበት የፒሲአር ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ከማዶ ያለውን፣ ያንኑ ምርመራ የሚሠራውንና እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘውን ክፍል የምትመራው ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ስብሰባ ውጤታችን የሚበላሸው በገዛ እጃችን እንደሆነና ፕላስቲክ ሁሉ ፕላስቲክ እንደሆነ ስላስተማሩን፣ እኔንም ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ወደ መጋዘን ሊያዛውሩኝ ስለወሰኑ፣ ለትምህርቱም ለሹመቱም ምስጋናዬ ወደር የለውም።

አንደኛ፦ ስለገዙልን ቱቦዎች አመሰግናለሁ። ክዳናቸው ሲዘጉት የተዘጋ ይመስላል፤ ማሽኑ የናሙናዋን ጠብታ እያፈራረቀ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ብድግ ይልና፣ እንኳን ውጤት እርጥበትም አይተርፈን። ስለዚህ ክዳኑን ተጭኖ እንዲይዝልን ማሽኑ ላይ ከአሮጌ ዕቃ የወለቀ ብረት እንጭናለን፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም መጀመሪያ የምናስተምረው ብረት ማንሳት ሆኗል። የእህቴ ቱቦ ግን ግድግዳው ስስና እኩል፣ ክዳኑም ቀጭ ብሎ የሚገጥም ነው። ያቺ ቀጭ የምትል ድምፅ ከማዶ በተሰማችኝ ቁጥር ሆዴ ቅጥል ይላል። ቅናት ነው፤ ምን አስዋሸኝ!

ሁለተኛ፦ ናሙና የምንመጥበት የፒፔቱ ጫፎች ስላልገጠሙልን በፕላስተር እንጠቀልላቸዋለን። የእህቴ ጫፎች ውስጣቸው ማጣሪያ ስላለ የአንዱ በሽተኛ ናሙና ወደ ሌላው አይሻገርም፤ የእኛዎቹ ግን እንኳን ሊያጣሩ ራሳቸው ወልቀው ናሙናው ውስጥ ይዋኛሉ።

ሦስተኛው ቅሬታ የቤት ጉዳይ ነውና ይታገሱኝ። እህቴ ሥራዋን አንዴ ሠርታ በጊዜ ትገባለች፣ እኔ የደረቀውን ስደግም እመሻለሁ፤ እናታችንም ድሮውንም እጄ ቀርፋፋ እንደነበረና ከታናሼ መማር እንደሚገባኝ ጎረቤት በተሰበሰበበት ትነግረኛለች። ስለ ክዳኑ አስረድቻት ነበር። ከእርስዎ ቶሎ ገብቷታል፤ ግን ሰበብ ነው አለች።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመጋዘኑ በፊት ከእህቴ ቱቦ ጥቂት ይፍቀዱልኝና እጄን ይፈትኑት። አሥራ ምናምን ዓመት ያደርኩበትን ሙያ ለክዳን ብዬ ስጥል አንጀቴ እያረረ ነው።

የቁጠባዎ አድናቂ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ፒፔቷን ታቅፋ እጅ የምትነሳዎት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ

የግራው ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ በቀደም የልጅ ልጅዎ ታሞ ናሙናውን ራስዎ ይዘው ሲመጡ፣ ፕላስቲክ ሁሉ ፕላስቲክ ቢሆንም በሚቀርብዎት በእኛ በር አልፈው ከማዶ አንኳኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እህቴ ያን ዕለት ትኩሳት ይዟት ቤት ተኝታ ነበር። ክፍሏን ተክቻት ስሠራ፣ ማስክና ጋዋን ስለለበስኩ እሷን መስዬዎት ናሙናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ በእሷ ቱቦ፣ በእሷ ጫፍ፣ በእኔ እጅ ተሠርቶ ውጤቱ ሳይደገም ወጣ። ሕፃኑ በመዳኑ ከልቤ ደስ ብሎኛል። «ስለ ወርቅ እጆችዎ» ብለው ለእህቴ የጻፉላትን የምስጋና ደብዳቤ እህቴ «የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው» ብትልም እናታችን አልሰማ ብላ ሳሎን ሰቅላዋለች። እነዚያን የወርቅ እጆች ደግመው ከፈለጓቸው፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድሩ ያገኟቸዋል።