ከፊልሙ የተቆረጠችው ታላቅ እህት

ለእታለሜ ለአስያ፦

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የድሬዳዋ ሙቀትስ በረድ አለ? ባለቤትሽ ሙራድና ልጅሽ ሙቢናስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የአሰላ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ከብርዱ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሥራዬ ነው።

ያንን እንደ ጡብ የወፈረ የእንግሊዞች የጥንት ልብ ወለድ ወደ ፊልም እየቀየርኩት መሆኑን ነግሬሽ ነበር። ታሪኩን ወደ አርሲ አምጥቼ የባላባቱን መሬት የሳጉሬ የስንዴ ማሳ አደረግሁት። የመጽሐፉ ምሰሶ ታላቂቱ እህት ናት፤ ወላጆቿ ሲሞቱ እጮኛዋን ትታ ታናናሾቿን ታሳድጋለች፤ ራሳቸውን ሲችሉም ቤቱን ለቃላቸው ትሄዳለች።

ታዲያ ፕሮዲውሰራችን ጋሽ ኃይለመስቀል መጽሐፉን አንድ ገጽ ሳይገልጡ በየሳምንቱ ይቆርጡብኛል። መጀመሪያ በመጽሐፉ ያለውን አጎት አስወጡ፤ ቀጥሎ ጎርፉን፤ በምትኩ ሠርግ አስጨመሩኝ። በመጨረሻ «ይቺ እህት አታገባ፣ አትሞት፤ ምን ትሠራለች? አውጪያት» አሉ። እሷ ከወጣች ታሪኩ ይፈርሳል ብዬ ብለምን፣ ብከራከር፣ የሚሰማኝ ጠፋ። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ የስንብቷን ትዕይንት ብቻ ተዉልኝ፤ እሱንም ቃል እንዳትተነፍስ አድርገው።

ሐሙስ ዕለት ሳጉሬ ቀረጻ ነበረን። እህቲቱን ሆነው የሚሠሩት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ የፈጁ ተዋናይ። ንግግራቸው መሰረዙን በኀፍረት ስነግራቸው «ይሁን» ብቻ አሉኝ። ካሜራው ሲከፈት ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ፤ በሩን ዘጉት። ወዲያው ተመልሰው ገቡና ድስቱ እንዳያርር አውርደው፣ እሳቱን አዳፍነው፣ እንደገና ወጡ። እንዲህ ያድርጉ ያላቸው ሰው የለም። ጋሽ ኃይለመስቀል በሻርፓቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ትናንት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኔ መጀመሪያም ብያለሁ፤ ፊልሙ የእህቲቱ ነው። እስከ ሰኞ አዳዲስ ትዕይንቶች ጻፊላት። ሠርጉን ግን እንዳትነኪ።» ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅሁም።

ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ያቺ ሴት ደጃፉ ላይ ምን እንዳሰበች መጽሐፉ አይናገርም። አባባ ካረፉ በኋላ ትምህርትሽን ትተሽ እኔንና ወንድማችን ሰላሁዲንን ያሳደግሽን አንቺ ነሽ። ተድረሽ ወደ ድሬዳዋ ስትሄጂ ደጃፉ ላይ ቆም ብለሽ ነበር፤ ያኔ ምን እንዳሰብሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ደስ ካለሽ ጻፊልኝ፤ ለፊልሙ ባይሆን ለእኔ።

ለሙራድ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የሙቢናን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አማትሽን በዱዓ አይርሱኝ በይልኝ። ሰላሁዲንም ከጎበሳ ናፍቃኛለች ብሎሻል።

ታናሽሽ ሂባ
አሰላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.